ጣፊያ ወይስ ቆሽት፤ በአንድ የፈተና መከለሻ ጥራዝ የሆድ ዕቃ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ወራት በፊት የነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ የተቃረበች አንዲት ተማሪ በኮምፒዩተር ተተይቦ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ጥራዝ ይዛ መጥታ አነጋገረችን። ጥራዙ የሥርዓተ ልመትን ክፍሎች አቀማመጥ፣ ተግባራቸውንና የሚያጠቋቸውን በሽታዎች ለመውጫ ፈተና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚከልስ ነው። ማን እንዳዘጋጀው አልተጻፈበትም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ለመሆኑ ግን በየኅዳጉ በተለያየ ብዕር የተጫረው ማስታወሻ ይመሰክራል። የተማሪዋ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። በአንደኛው ገጽ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ጣፊያ እንደሆነ ተጽፏል፤ ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ በወባ ምክንያት ያበጠ ጣፊያ ከግራ ጎድን ሥር በእጅ እንደሚዳሰስ ተገልጿል። «ይህ አንድ አካል ነው ወይስ ሁለት?» ስትል ጠየቀችን።

ሁለት ናቸው ብለን መለስንላት። ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር ካነበብነው በኋላ ግን ስሕተቱ የአዘጋጆቹ ብቻ አለመሆኑን፣ በስያሜ ሥራ ላይ ያለን ሰዎችም ድርሻ እንዳለን ስለተገነዘብን ይህን ሂስ ለመጻፍ ተነሣን።

በቅድሚያ ለአዘጋጆቹ የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይሆንም። በአገራችን የሕክምና ትምህርት የጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ተማሪዎቹ ሌሊት ተሰብስበው ሲያጠኑ የሚከራከሩት፣ አንዱ ለሌላው የሚያስረዳው፣ የተምታታውንም የሚፈታው በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ፈተናውን በእንግሊዝኛ ያለፈ ተማሪ በማግሥቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ በሽተኛውን የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ ይህን የመሰለ ስም የለሽ ጥራዝ እንደሚሠራው መዝገበ ቃላት አይሠራውም። ጥራዙም ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እንዳለ አስቀምጦ ማብራሪያውን በአማርኛ መስጠቱ ብልኅነት ነው። ስለ ልመት ሂደት የሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጥርስ ያላመጠውን፣ ጨጓራ ያሸውን፣ ኢንዛይም የበታተነውን ደረጃ በደረጃ ይተርካል። «መፍጨት» የሚለውን ቃል ለጥርስና ለጨጓራ ሥራ ብቻ ወስኖ «ልመት»ን ለጠቅላላው ሂደት መስጠቱንም እንደግፋለን፤ እህል የሚፈጨው በወፍጮ ነው፣ የሚልመው ግን በወፍጮም፣ በውኃም፣ በእርሾም ሊሆን ይችላልና።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። ጣፊያ በግራ በኩል ከጎድን ሥር የሚገኝ፣ ደም የሚያጣራና ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያስወግድ አካል ነው። በምግብ ልመት ሥራ አንዳችም ድርሻ የለውም። በወባ፣ በካላ አዛር፣ በቢልሃርዚያ ምክንያት በሚመጣ የጉበት ደም ሥር ግፊት የሚያብጠው እርሱ ነው። ሥጋ ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሙም በአማርኛ አሻሚ ሆኖ አያውቅም። ችግሩ የመጣው ከጎረቤቱ ነው። ከጨጓራ በስተኋላ ተጋድሞ የሚገኘው፣ በአንድ በኩል የልመት ጭማቂ ወደ አንጀት የሚያፈስስ በሌላ በኩል ኢንሱሊን ወደ ደም የሚለቅቅ አካል፣ ከሥጋ ቤት ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ ተለይቶ አይታይም። ከስብና ከጅማት ጋር ተመሳስሎ ያልፋል። ግሪኮችም ቢሆኑ «ሁለንተናው ሥጋ» ከማለት በቀር ሌላ ስም አላገኙለትም። ዐረቦች የግሪኩን ቃል እንዳለ ወሰዱት። ጀርመኖች «የሆድ ምራቅ ዕጢ» ብለው በተግባሩ ሰየሙት፤ ለፈተና ተማሪ ከዚህ የበለጠ የሚያስታውስ ስም ሊኖር አይችልም። አማርኛ ደግሞ ቆሽት የሚል ቃል አለው፤ ሐኪሞቻችንም በዚሁ ይጠቀማሉ።

ታዲያ ጥራዙ ስለ ምን ቆሽትን ትቶ ጣፊያን መረጠ? ግምታችን የሚከተለው ነው። ቆሽት በሕዝቡ አንደበት የሚኖረው በንዴት ነው። «ቆሽቴ አረረ»፣ «ቆሽቴን አሳረረው» ይባላል እንጂ ቆሽት የት እንደሚገኝ በእጁ የሚያመለክት ሰው ጥቂት ነው። አዘጋጁ ቃሉን የስድብና የምሬት ቃል አድርጎ ስለቆጠረው በትምህርት ጽሑፍ ለማስገባት ፈራ፤ በምትኩ ቦታው የታወቀውን፣ የተከበረውን ጣፊያን አነሣ። የእንዲህ ያለ ጨዋነት ዋጋ ከባድ ነው። ጣፊያው በአደጋ የተቀደደ ሰው ጣፊያው ተቆርጦ ይወጣለትና ይኖራል፤ ከዚያ ወዲህ የሚያስፈልገው ለአንዳንድ ተላላፊ በሽታዎች ክትባትና ጥንቃቄ ነው። የቆሽት ካንሰር ግን ከካንሰሮች ሁሉ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት የሚመደብ ነው። ሐኪሙ «ጣፊያህ ላይ ዕጢ ተገኝቷል» ቢል በሽተኛው ከሁለቱ የትኛውን ይሰማ? ቤተ ሰቡስ ለየትኛው ዜና ይዘጋጅ? እኛ ያለ አንዳች ልዩነት ጣፊያ ለአንደኛው፣ ቆሽት ለሁለተኛው ይወሰን እንላለን። «ቆሽት (ጣፊያ)» እያሉ በቅንፍ ማጣመር፣ በአንዳንድ የስኳር በሽታ ጽሑፎች እንደሚታየው፣ ጥንቃቄ ይመስላል፤ በተግባር ግን ስሕተቱን በሁለት እጅ ይዞ ማቆየት ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣ አንድ ጠቅላላ ነገር አለ። የአማርኛ የሆድ ዕቃ ስያሜዎች የተወለዱት ከሐኪም ጠረጴዛ ሳይሆን ከዕርድ ቦታ ነው። ግእዝም ከዚህ አልራቀም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን የመሥዋዕት ሥርዓት ውስጥ «ንዋየ ውስጥ» የሚለው ሐረግ የሚያመለክተው የእንስሳውን የውስጥ ክፍል ነው። አማርኛው «ሆድ ዕቃ» ሲል በዚያው ሐሳብ ላይ ቆሟል፤ ንዋይ ዕቃ ነው፣ ውስጥም ሆድ። ቃላት ከአካል ወደ አካል የሚሸጋገሩ መሆናቸውንም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ። በግእዝ ጉበትን የሚያመለክተው ከብድ በትግርኛ ከብዲ ሆኖ የሆድ ስም ሆኗል፤ ጉበትን ለመጥራት ትግርኛ «ጸላም ከብዲ» ማለት አስፈልጎታል። ስለዚህ የጣፊያና የቆሽት መደባለቅ ለሴማውያን ቋንቋዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ከብድ የተሸጋገረው በብዙ ዘመን በሕዝብ አንደበት ሲሆን ጣፊያ የተሸጋገረው በጥቂት ዓመታት በጥድፊያ ትርጉም መሆኑ ነው።

አራጁ የሰጠን ቃላት በብዙ ቦታ ከጥራዙ ቃላት ይልቅ የጠሩ ናቸው። ጨጓራንና አንጀትን ከፊት እንደ መጋረጃ የሚሸፍነውን፣ እንደ ዳንቴል የተሰራጨውን የስብ ሽፋን ጥራዙ «በሆድ ውስጥ የሚገኝ የስብ መጋረጃ» ብሎ በአንድ ሙሉ ሐረግ ያብራራዋል። ይህ ሞራ ነው። ሞራ ገላጭ የዘረጋውና ያነበበው፣ በየገጠሩ የታወቀው ሞራ። ቀዶ ሐኪሞች እንደሚያውቁት ይህ ሽፋን የቆሰለ ወይም የበገነ የአንጀት ክፍል ሲያገኝ ሄዶ ይጠመጠምበታል፤ መግሉ በሆድ ውስጥ እንዳይሠራጭ ይገታዋል። በፈተናም ይጠየቃል። ሞራ የዓይንን ግርዶሽም ስለሚያመለክት ይምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። ነገር ግን «የሆድ ሞራ» እና «የዓይን ሞራ» ብሎ ለመለየት አንድ ቃል ብቻ ይበቃል፤ ከሐረጉ ሦስት ቃል ይተርፋል።

ፈርስም እንዲሁ ነው። ከጨጓራ ወጥቶ ወደ ቀጭኑ አንጀት የሚያልፈውን፣ ከአሲድና ከኢንዛይም ጋር የተቀላቀለውን ገንፎ መሰል ነገር ጥራዙ በእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ ጽፎ አልፎታል። ከዕርድ በኋላ ከጨጓራ የሚዘረገፈውን በከፊል የላመ ምግብ አማርኛ ፈርስ ይለዋል፤ ጽንሰ ሐሳቡ አንድ ነው። በዚህ ቃል ላይ ግን በመካከላችን ሙሉ ስምምነት አልተገኘም። አንዳንዶቻችን ቃሉ የከብት ሽታ አለው፣ ስለ ሰው ሲነገር ያስነውራል አሉ። ሌሎቻችን ጨጓራም፣ ጉበትም፣ አንጀትም የከብት ናቸው፣ ማንም አላፈረባቸውም አልን። ጸሐፊዎቹ ከሁለተኛው ወገን መሆናችንን አንሸሽግም።

የዕርዱ ቦታ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። በሬ አራት ክፍል ያለው ሆድ አለው፤ አማርኛም ጨጓራ፣ ሽንፍላ እያለ ይለያቸዋል። ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ጨጓራ ወደ ሰው ሲሸጋገር ጠበበ፤ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ ከልክ በላይ ሰፋ። ዛሬ «ጨጓራ አለብኝ» የሚል ሰው አካሉ እንዳለው መናገሩ አይደለም፤ በሽታ መናገሩ ነው። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ቃር አለ፣ የጨጓራ ግድግዳ ብግነት አለ፣ ቁስለት አለ፣ ከምግብ በኋላ የሚሰማ መነፋት አለ፣ ብዙ ጊዜም ጭንቀት አለ። «ጨጓራዬን ላጠው» የሚለው ደግሞ ሰው የማይወደውን ሰው የሚያማርርበት ነው። ጥራዙ ይህን ቅይጥ እንዳለ ተቀብሎ «የጨጓራ መንስኤዎች» የሚል ርእስ ሰጥቷል። አካል መንስኤ የለውም። ከርእሱ በታች በርበሬ፣ ንዴት፣ ቡናና ምግብ ሳይበሉ መዋል በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ዋናው በመጨረሻ፣ በአንድ መሥመር ብቻ ተጠቅሷል። እርሱም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ዋረንና ማርሻል በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ በ1982 እ.ኤ.አ. አሳድገው ካሳዩትና ከቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት ካስረዱ በኋላ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ግኝት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው እንደ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው። የርእሱ ቃል ሕዝባዊ ስለሆነ ዝርዝሩም ሕዝባዊ ሆነ፤ ስያሜው እውቀቱን ጎትቶ ወሰደው። ተማሪው በፈተና ላይ «ንዴት» የሚለውን ቢያጠቁር የምንወቅሰው ማንን ነው?

የሐሞት ጉዳይ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ጉዳቱ ግን የሚበረታው በበሽተኛው ላይ ነው። ሐሞት ፈሳሹም ነው፣ ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ከረጢትም ነው፣ ወኔም ነው። ፈሳሹን የሚሠራው ጉበት ነው፤ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ያመነጫል። ከረጢቱ የሚይዘው ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ሥራውም ማጠራቀም፣ ማወፈርና ቅባት ያለው ምግብ ሲመጣ ጨምቆ መልቀቅ ነው። ጥራዙ «ሐሞት ቅባትን ያበጥራል» ካለ በኋላ «ሐሞት በቀዶ ሕክምና ቢወጣ ሰው ይኖራል» ይላል። አስተዋይ ተማሪ ቅባቱን ከዚያ በኋላ ማን ያበጥረዋል ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ ጉበት ፈሳሹን ማመንጨቱን ይቀጥላል፣ የወጣው ከረጢቱ ነው። «ሐሞትሽ ይውጣ» የተባለች እናት ግን ይህን የሚነግራት ከሌለ ሐሞተ ቢስ ሆና የምትቀር ይመስላታል፤ ቋንቋዋ እንደዚያ ነው የሚለው። «ሐሞት» ለፈሳሹ፣ «የሐሞት ከረጢት» ለአካሉ፣ «የሐሞት ጠጠር» ለበሽታው፤ ሦስቱም ቀድሞውንም በሐኪሞች አፍ ያሉ ናቸው። የሚያስፈልገው ከረጢቱን ላለመዋጥ መጠንቀቅ ብቻ ነው።

አሁን አማርኛ በእርግጥ ቃል ወዳጣበት ቦታ እንሂድ። ጥራዙ የቀጭኑን አንጀት ሦስት ክፍሎች በእንግሊዝኛ ድምፃቸው ዲዮዲነም፣ ጄጁነም፣ ኢሊየም ብሎ ትቷቸዋል። በፈተና ላይ የሚጠብቁት እነዚሁ ስለሆኑ ጥፋት ነው ልንል አንችልም። ችግሩ ቃላቱ ለተማሪው ምንም አለመናገራቸው ነው። ስሙን መጀመሪያ የሰጠው የእስክንድርያው ሄሮፊሎስ የመጀመሪያውን ክፍል «ዐሥራ ሁለት ጣት» ብሎት ነበር፤ ርዝመቱ ጎን ለጎን የተደረደሩ የዐሥራ ሁለት ጣቶችን ስፋት ያህላል ማለቱ ነው። ላቲኑ ከዚያ ተተረጎመ። ጀርመንኛው እስከ ዛሬ «ዐሥራ ሁለት ጣት አንጀት» ይላል፤ ዐረብኛውና ዕብራይስጡም «ዐሥራ ሁለት» ከሚለው ቍጥር ስም አውጥተውለታል። እኛስ? አማርኛ ለዐሥራ ሁለት ጣት ስፋት የራሱ መለኪያ አለው። አራት ጣት አንድ ጋት ነው፤ ሦስት ጋት አንድ ስንዝር። ስንዝር ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ የሚዘረጋው እጅ ነው፤ እንደ ሰውየው ይለያያል እንጂ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የዚህ አንጀት ርዝመት በየመማሪያው የሚሰጠው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ስንዝር አንጀት» ብንለው ከሄሮፊሎስ ሐሳብ ሳንወጣ በአንድ የቤት ቃል እንጨርሰዋለን። ተማሪው እጁን ሆዱ ላይ ዘርግቶ ርዝመቱን ሊያስታውስ ይችላል። ስንዝሮ የሚባለውን የተረት ልጅ የሚያስታውሱ ሰዎች ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ስያሜ ፈገግ ቢያሰኝ ጉዳት የለውም።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስንዝር አንጀት ስም ስላልነበረው ቁስለቱም የራሱ ስም አላገኘም፤ በአማርኛ «የጨጓራ ቁስለት» የሚባለው ሁለቱንም ጠቅልሎ ነው። ፈተናው ግን ይለያቸዋል። የስንዝር አንጀት ቁስለት ሕመም ብዙ ጊዜ ሰው ሲበላ ጋብ ይልና ከሰዓታት በኋላ ወይም በሌሊት ይመለሳል፤ የጨጓራው ሲበሉ ሊብስ ይችላል። የጨጓራው ቁስለት ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ናሙና ይወሰድለታል፤ የስንዝር አንጀቱ እንዲህ የመሆን ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ሁለት ነገር በአንድ ስም የሚጠራ ተማሪ ሁለት ጥያቄ በአንድ መልስ ይመልሳል።

በጨጓራና በስንዝር አንጀት መካከል ያለው ጠባብ መውጫ በግሪክኛ «በር ጠባቂ» ይባላል፤ ዐረብኛም «በዋብ» ይለዋል። ከላይ ያነሣነው ባክቴሪያ ፓይሎሪ መባሉ ከዚህ በር ጠባቂ የመጣ ነው። «በረኛ» ብንለው ትርጉሙ ቀጥተኛ ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን የእግር ኳስ ሜዳ ስለወሰደው «የጨጓራ በር» ማለቱ ይሻላል ብለናል። ትርፍ አንጀት የሚለውን ግን ማንም አይንካው። አንዳንድ መምህራን «ትርፍ» ማለት ሥራ የሌለው ማለት ነው፣ በውስጡ ግን መከላከያ ሕዋሳት አሉበትና ስሙ ስሕተት ነው ይላሉ። ዐረብኛ «ተጨማሪ» ይለዋል፣ ዕብራይስጥ «ጭማሬ» ከሚለው ሥር ስም ሰጥቶታል፤ ማንም በዚህ ምክንያት ፈተና አልወደቀም።

ሁለተኛው የቀጭን አንጀት ክፍል በላቲን «ጿሚ»፣ በዐረብኛም «ሳኢም» ይባላል፤ የጥንት ሰዎች አስከሬን ሲከፍቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ስላገኙት ነው። «ጾመኛ አንጀት» ለማለት ቃጥቶን ነበር። ተውነው፤ ምክንያቱም ጾም በአገራችን ሁለት ነገር ነው። አንዱ ፈጽሞ አለመብላት ነው፣ ሁለተኛው ሥጋና ወተት ነክ ነገሮችን ትቶ ሽሮና ምስር መብላት ነው። ጥራዙ በቀዶ ሕክምና ዝግጅት ምዕራፍ ላይ በሽተኛው «ይጹም» ሲል ይህን ልብ አላለውም። በአልጋ ላይ ያለ ሰው በጾም ወራት «ጾመሃል?» ቢባል አዎን ይላል፣ አልዋሸም፤ ማለዳ የጾም ፍርፍር በልቷል። ማደንዘዣ ሲሰጠው ያ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ቦታ «ምግብም ውኃም አይቅመስ» ተብሎ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነም ተጨምሮ መጻፍ አለበት። ከጥራዙ ስሕተቶች ሁሉ ይህ አንድ ቃል ብቻ ወዲያውኑ ሰው ሊገድል የሚችል ነው፤ በቋንቋ ረገድ ግን ፍጹም ትክክል የሆነ አማርኛ ነው።

ስለ በሽታ ስሞች ብዙ ለማለት ቦታው አይፈቅድም። «የአንጀት ተስቦ» ለታይፎይድ መሰጠቱን እናደንቃለን። የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ «ተስቦ መሰል» ማለት ነው፤ ሁለቱ ትኩሳቶች ለረጅም ዘመን ሳይለዩ ኖረው በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት ነው የተለዩት። አማርኛው ግን መመሳሰሉን ከመንገር አልፎ ቦታውን ነገረን፤ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ የአንጀት በሽታ አይደለም፣ የታይፎይድ ቁስለት ግን በቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ የሚወጣና አንዳንድ ጊዜም አንጀቱን የሚበሳ ነው። በተቃራኒው ኪንታሮት የሚለው ቃል የቆዳ ላይ እባጭንና የፊንጢጣ ደም ሥሮች ማበጥን በአንድነት ይሸፍናል፤ አንደኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ሁለተኛው ከቫይረስ ጋር ግንኙነት የለውም። ጥራዙ ሁለቱን በአንድ አንቀጽ ማከሙ ቃሉ ያሳሳተው ነው። «የወፍ በሽታ» የዓይን መቢጨትን ከሌሊት ወፍ ጋር የሚያያዝ ስም ነውና በትምህርት ጽሑፍ ቦታ የለውም፤ በሽተኛው ሲናገረው ግን ተማሪው ሊያውቀው ይገባል። አተት ደግሞ የምልክት ስም ነው፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላልና ኮሌራ በላቦራቶሪ ሲረጋገጥ ኮሌራ መባል አለበት።

በኮሶ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ኮሶ ዛፍ ነው፤ የዛፉ አበባ ተወቅጦ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በሆዱ የሚይዘው፣ ብዙ ሜትር የሚረዝመው ትልም በመድኃኒቱ ስም ኮሶ ተባለ። በሽታ ከመድኃኒቱ ስሙን ሲወርስ በሌላ ቋንቋ ብዙ አላየንም። ጥራዙ «የኮሶ መድኃኒት» ሲል ከኮሶ የሚሠራ መድኃኒት ማለቱ ነው ወይስ ኮሶን የሚያስወጣ መድኃኒት? አገናዛቢው «የ» ሁለቱንም ይችላል። አንባቢው ዛሬ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል መሆኑን የሚያገኘው ከሚቀጥለው መሥመር ነው። ዛፉ ኮሶ፣ ትሉ ሁልጊዜ «የኮሶ ትል» ይባል፤ «የኮሶ ትል መድኃኒት» ካልን የሚያሻማ ነገር አይኖርም።

አንድ ነገር በጥራዙ ውስጥ ጨርሶ አልተገኘም፤ በአሜሪካና በእስራኤል ሆስፒታሎች ከበሽተኛ አጠገብ የሚቀመጡ አማርኛ አስተርጓሚዎች ግን ዕለት በዕለት የሚገጥማቸው ነው። «አንጀቴ ተቃጠለ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «አንጀቴ አረረ» የምትል ሴት ልጇን ያጣች ልትሆን ትችላለች። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው በመሣሪያ አንጀቷን እንዲያዩ ሊያስልካት ይችላል። እንዲህ ያሉ ሐረጎች ከሕክምና ትርጉማቸው ጋር ጎን ለጎን ተሰብስበው ቢታተሙ ለአስተርጓሚውም ለተማሪውም ከብዙ ስያሜ ይልቅ ይጠቅሙ ነበር።

ጥራዙን በእርሳስ አርመን ለባለቤቲቱ መልሰንላታል። ሳናርመው የተውነው አንድ ቦታ ብቻ አለ። ጥራዙ የትልቁን አንጀት መጨረሻና መውጫውን ሁለቱንም ፊንጢጣ ይላቸዋል። ላቲኑም ዐረብኛውም የመጀመሪያውን «ቀጥ ያለው» ይሉታል። ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ክፍል ነው፤ በዚያ የሚገኝ ዕጢ ከመውጫው ምን ያህል እንደሚርቅ መለካቱ ሰውየው ዓይነ ምድሩን በተፈጥሮ መንገድ ማስወጣቱን ይቀጥል ወይም አይቀጥል እንደሆነ ሊወስን ይችላል። «ቀጥተኛ አንጀት» የሚለውን ሞክረን አልጣመንም፤ ሌላው አንጀት ጠማማ የተባለ ይመስላል። ከየአካባቢው፣ ይልቁንም ከአራጆችና ከከብት ሐኪሞች አንደበት፣ ይህን ክፍል ከመውጫው ለይቶ የሚጠራ ቃል የሰማችሁ አንባብያን ቃሉንና የሰማችሁበትን ቦታ ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።